ልኩን ሳይሆን ሞዴሉን ላኩ፦ የጥርስ ልክ መንገድ ላይ ቅርፁን እንዳይለውጥ

ሰላም ለሁላችሁ፣ ይሄን የምጽፈው ወሎ ውስጥ በትንንሽ ክሊኒክ ለምትሰሩ የጥርስ ባለሙያዎች ነው፣ ደሴም ሁኑ ኮምቦልቻ፣ ወልድያም ሁኑ ከሚሴ የሁላችንም ችግር ያው ነው። ልኩን፣ ማለትም የጥርሱንና የድዱን ቅርፅ በሚረጋ ነገር ቀድተን፣ እዚህ እንወስዳለን፣ ክራውኑም (የጥርስ ቆቡ) ብሪጁም (ከጎንና ጎን ጥርስ ጋር የሚያያዘው ቋሚ ጥርስ) ደንቸሩም (የሚወልቀው ሰው ሰራሽ ጥርስ) የሚሰራው ግን ብዙ ጊዜ አዲስ አበባ ነው፣ ከደሴ አዲስ አበባ ደግሞ 400 ኪሎ ሜትር ነው። ትሬዩን (ልኩ የተወሰደበትን እጀታ ያለው ዕቃ) ፌስታል ውስጥ ከተን ለሹፌር ሰጥተን በቃ አለቀ ብለን እንተኛለን፣ አላለቀም ግን፣ ልኩ ሌሊቱን ሙሉ ቅርፁን እየለወጠ ነው የሚያድረው።

እኔ ይሄን የተማርኩት በሰው ድካም ነው። ከመርሳ የመጡ አንዲት እናት ነበሩ፣ ላይኛው መንጋጋቸው ላይ አምስት ጥርስ የጎደላቸው፣ የሚወልቅ ሰው ሰራሽ ጥርስ ፈልገው። ከሰዓት 9 ሰዓት ላይ በአልጂኔት (በውሃ ተቦክቶ አፍ ውስጥ በሚረጋው የልክ ዱቄት) ልክ ወሰድኩ፣ ልኩ ሲወጣ እንዴት እንዳማረ አልነግራችሁም፣ አንዲት አረፋ የለው፣ የድዱ መስመር ሁሉ ጥርት ብሎ የሚታይ። አጠብኩት፣ በደረቅ ፌስታል ጠቀለልኩት፣ ሌሊት 11 ሰዓት በሚነሳው አውቶብስ ላኩት፣ አዲስ አበባ ላብ (ጥርሱ የሚሰራበት ቤት) ደርሶ ሞዴሉ፣ ማለትም የአፉ ቅጂ፣ እንዲወጣ ጂፕሰም የፈሰሰበት በማግስቱ 8 ሰዓት ግድም ነው። ቁጠሩት፣ 23 ሰዓት። ጥርሱ ተሰርቶ ሲመጣ አፋቸው ውስጥ ይወዛወዛል፣ መንጠቆዎቹ ጥርሱን አልያዙትም፣ ላንቃቸው ላይ ክፍተት አለ። መርሳ ከደሴ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ እሳቸው ያንን መንገድ ሁለት ጊዜ ደገሙት፣ ሁለተኛ ልክ ስወስድ እጄ ሲንቀጠቀጥ አይተው «አብሽሪ ልጄ፣ ኸይር ነው» ነበር ያሉኝ። ጥፋቱ የኔ ነበር፣ የላቡም የሹፌሩም አልነበረም። ከዛ ቀን ጀምሮ ትሬይ ላይ ሰዓት ሳልጽፍ ከእጄ አይወጣም።

እሺ አሁን ወደ ነገሩ። መጀመሪያ ልኩ ለምን እንደሚለወጥ ካልገባን ምን ማድረግ እንዳለብንም አይገባንም፣ ስለዚ ትንሽ ታገሱኝ።

አልጂኔት ምንድነው ስንል ከባህር አረም፣ ቡናማ ከሆነው የባህር አረም የሚወጣ ነገር ነው። ዱቄቱ ውስጥ የአልጂኔት ጨው አለ፣ ካልሲየም ሰልፌት አለ (ያው የጂፕሰሙ ዘመድ)፣ ትንሽ ደግሞ ፎስፌት አለ እሱ ቶሎ እንዳይረጋ ጊዜ የሚሰጠን ነው። ውሃ ሲነካው ካልሲየሙ ክሮቹን እርስ በርስ ያያይዛቸውና መረብ ይሆናል፣ ውሃው መረቡ ውስጥ ይያዛል። ስለዚ እጃችን ላይ ያለው ላስቲክ የሚመስለው ነገር ከ80 በመቶ በላይ ውሃ ነው። ይሄን ቁጥር ያዙልኝ፣ ሌላው ሁሉ ከዚህ ነው የሚመጣው። በነገራችን ላይ አልጂኔት ለጥርስ ልክ የተስፋፋው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ነው፣ ከዛ በፊት አጋር የሚባለው ነበር የሚሰራበት፣ እሱም ከባህር አረም ነው ግን በብዛት ከጃፓን ነበር የሚመጣው፣ ጦርነቱ መንገዱን ሲዘጋው ሌላ መፈለግ ግድ ሆነ። የመንገድ ችግር የወለደው ነገር ነው ማለት ነው፣ የእኛንም ጣጣ ያመጣው ያው መንገድ ነው።

አልጂኔት ውሃውን በሁለት መንገድ ያጣል። አንዱ ግልፅ ነው፣ ይተናል፣ እንጀራ ሳይከደን ሲያድር ጠርዙ ደርቆ ወደ ላይ እንደሚታጠፈው ማለት ነው። ሁለተኛው ብዙ ሰው የማያስበው ነው። እርጎ ረግቶ ካደረ በኋላ ላዩ ላይ አጓት ሲያቅር አይታችኋል አይደል፣ ማንም ሳይነካው፣ ተከድኖ እያለ። አልጂኔትም እንደዛ ነው፣ መረቡ ቀስ በቀስ እየጠበበ ውሃውን ወደ ውጪ ይተፋዋል፣ አየሩ መቶ በመቶ እርጥብ ቢሆን እንኳን ይተፋዋል። ለዛ ነው በእርጥብ ነገር ጠቅልዬዋለሁ እስከ ነገ ይቆይልኛል የሚለው ሀሳብ የማያዋጣው፣ መጠቅለሉ ትነቱን ያቆምልናል እንጂ አጓቱን አያቆምልንም። ሶስተኛ ደግሞ የዚህ ተቃራኒ አለ፣ ውሃ ውስጥ ከነከርነው ወይ በሚንጠባጠብ ጨርቅ ከጠቀለልነው ይጠጣል፣ ያብጣል። አንዳንድ ሰው ደርቆብኛል ብሎ ውሃ ውስጥ ከቶ ሊያድነው ይሞክራል፣ ያበጠው ግን ወደ ቀድሞ ቅርፁ አይመለስም፣ ሌላ ሶስተኛ ቅርፅ ነው የሚይዘው።

ስለዚ ለተራው አልጂኔት ህጉ ይሄ ነው፦ ከአፍ ከወጣ በ10 እና 15 ደቂቃ ውስጥ ጂፕሰም ይፍሰስበት፣ ግድ ከሆነ በደንብ እርጥበት ውስጥ ተይዞ እስከ 30 ደቂቃ። ከዛ በላይ አይሆንም። እኛ ቤት ቡና ተፈልቶ አቦሉ እስኪቀዳ ጂፕሰሙ ፈስሶ መሆን አለበት እላቸዋለሁ አብረውኝ ለሚሰሩት፣ ቶና ላይ ከደረስን አርፍደናል።

አሁን ዋናው ምክሬ ጋ ደረስኩ። አዲስ አበባ የምትልኩት ልኩን አይሁን፣ ሞዴሉን ላኩ። ክሊኒካችሁ ውስጥ አንድ ከረጢት ዴንታል ስቶን (ለሞዴል የሚሆን ጠንካራ የጂፕሰም ዱቄት) ይኑራችሁ፣ የጎማ ጎድጓዳ ሳህን እና ስፓቱላ ይኑራችሁ፣ በቃ ሌላ አያስፈልግም። ንዝረት የሚሰጠው ማሽን ባይኖርም ትሬዩን ጠረጴዛ ጠርዝ ላይ በቀስታ እየመታችሁ ትንሽ ትንሽ ከአንድ ጫፍ እያስገባችሁ ብታፈሱት አረፋው ይወጣል። ስቶን ሲረጋ ራሱ በጣም ጥቂት ይለጠጣል፣ ዓይነት ሶስት የሚባለው እስከ 0.2 በመቶ ነው፣ አንዴ ከረጋና ከደረቀ በኋላ ግን ሀረጎን ቢወርድ ሸዋ ሮቢትን ቢያልፍ ቅርፁ አይነቃነቅም። ከፈራችሁለት ስብራቱን ብቻ ነው የምትፈሩለት፣ እሱን ደግሞ ስፖንጅ ያለበት ካርቶን ይከላከለዋል።

የስቶኑን ውሃ ለኩ እባካችሁ። 100 ግራም ዓይነት ሶስት ስቶን የሚፈልገው 30 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው፣ ተራ ፕላስተር (ደካማው የጂፕሰም ዱቄት) ግን ከ45 እስከ 50 ይጠጣል፣ ለዛም ነው ፕላስተር ሲደርቅ ቀዳዳ የሚበዛው እና ደካማ የሚሆነው። በዓይን ግምት የምናፈሰው ውሃ ነው ብዙ ሞዴል የሚያበላሸው። ካፈሰሳችሁ በኋላ ደግሞ ትሬዩን ወዲያው ገልብጣችሁ ጠረጴዛ ላይ አታስቀምጡ፣ ክብደቱ አልጂኔቱን ይጫነዋል፣ በእጀታው አንጠልጥሉት ወይ ፊቱ ወደ ላይ ሆኖ ይርጋ፣ መሰረቱን በኋላ ትሰሩለታላችሁ። ከ45 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ሞዴሉን ከልኩ አውጡት። እንደተጣበቀ አሳድራችሁ ጠዋት ብትመጡ የደረቀው አልጂኔት ከስቶኑ ውሃ እየመጠጠ ገፁን እንደ ጠመኔ ያደርገዋል፣ ሲለይም ቀጭኗን የፊት ጥርስ ይዟት ይወጣል።

ከአፍ ከመውጣቱ በፊት ስላለውም ላንሳ፣ ምክንያቱም የሚበላሸው በኋላ ብቻ አይደለም። ደሴ በታኅሣሥ ጠዋት የቧንቧው ውሃ እጅ ያደነዝዛል፣ በዛ ውሃ ያቦካነው አልጂኔት ለመርጋት ይዘገያል። ውሃው በ10 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ ወደ አንድ ደቂቃ ገደማ ይጨምራል ብላችሁ ያዙ። እኛ ግን በለመድነው ሰዓት ጎትተን እናወጣዋለን፣ ሳይጠነክር የወጣ አልጂኔት ደግሞ ተለጥጦ ይቀራል፣ ዓይን ግን አያየውም። ባቲ ወይ ከሚሴ ያላችሁ ተቃራኒው ነው የሚያጋጥማችሁ፣ አፍ ውስጥ ሳትከቱት ይረጋባችኋል፣ ያኔ ተጨማሪ ውሃ አድርጎ ማቅጠን መፍትሄ አይደለም፣ ቀጭን አልጂኔት ደካማ ነው፣ ውሃውን ቀዝቃዛ አድርጉት እንጂ መጠኑን አትንኩ። ውሃው ወደ 20 ዲግሪ ግድም ቢሆን ለሁሉም ይመቻል፣ አንድ ተራ ቴርሞሜትር ገዝቶ ማስቀመጥ ነው። ዱቄቱም ሙቀትና እርጥበት ይጎዳዋል፣ ክዳኑን ግጥም አድርጉ፣ ከመስፈራችሁ በፊት ጣሳውን አንዴ ገልበጥ አድርጋችሁ ዱቄቱን አላሉት፣ የተጠቀጠቀ ዱቄት ሲሰፈር የዱቄቱ መጠን ይበዛል።

መርጋቱን ነክታችሁ ካረጋገጣችሁ በኋላ ሁለት ሶስት ደቂቃ ጨምራችሁ አቆዩት፣ ከዛ በአንድ ፈጣን ጉተታ አውጡት። እያወዛወዙ ቀስ ብሎ ማውጣት ለታካሚው የሚራራ ይመስላል ግን አልጂኔቱ ተለጥጦ የሚቆይበት ጊዜ በረዘመ ቁጥር ወደ ቦታው የሚመለሰው እየቀነሰ ነው የሚሄደው። ትሬዩ ሰፋ ያለ ይሁን፣ ጥርሱና ትሬዩ መሀል ቢያንስ 3 ሚሊ ሜትር አልጂኔት ይኑር። ትሬዩ ላይ ማጣበቂያ ቀቡ፣ ቀዳዳ ቢኖረውም ቀቡ፣ ከትሬዩ አንድ ጥግ ላይ የተላቀቀ ልክ ምንም ቢያምር የተበላሸ ነው። እና ደግሞ ከኋላ በኩል ከትሬዩ አልፎ የተንጠለጠለውን አልጂኔት በቢላ ቁረጡት፣ ጠረጴዛ ላይ ስታስቀምጡት ያ ትርፉ መሬት ነክቶ ልኩን ወደ ላይ ይገፋዋል፣ ስንት ደንቸር ከኋላ ላንቃ ጋር አልገጥም ያለው በዚህች ምክንያት ነው።

ፅዳቱን አትዝለሉ፣ ግን አታብዙት። መጀመሪያ ምራቁና ደሙ በቀዝቃዛ ውሃ ይታጠብ፣ ከዛ በረኪና። ገበያ ላይ ያለው በብዛት 5 በመቶ የሚል ነው፣ ጠርሙሱን አንብቡ፣ እሱን አንድ እጅ በዘጠኝ እጅ ውሃ ስትበጠብጡት 0.5 በመቶ ይሆናል። በእርጭት ሁሉም ቦታ አዳርሱት፣ ዚፕ ያለው ላስቲክ ውስጥ ለ10 ደቂቃ ዝጉት፣ እጠቡት፣ ውሃውን አራግፉ፣ አፍስሱ። ነክሮ ማሳደር የሚባል ነገር የለም። በአየር ፓምፕም እስኪነጣ አታድርቁት፣ ማብረቅረቁ ብቻ ይጥፋ።

ሳይፈስ ረጅም ሰዓት የሚቆይ አልጂኔት አለ ወይ ለምትሉኝ አዎ አለ፣ ለምሳሌ ሃይድሮገም 5 የሚባለው አምራቹ እስከ 5 ቀን ይላል። እሱ ግን የሚሰራው አምራቹ እንዳለው ከተያዘ ነው፣ አየር በማያስገባ ዚፕ ላስቲክ ታሽጎ። እኔ እሱንም ቢሆን ወዲያው ነው የማፈሰው፣ የሚቆይ ስለሆነ ልቆይ አልልም፣ መንገድ ቢዘጋ ወይ ስቶን ቢያልቅብኝ መጠባበቂያ ይሆነኛል ብዬ ነው የምይዘው።

ሲሊኮን (ላስቲክ የሚመስለው ሌላው የልክ ማቴሪያል) ላይ ስንመጣ ሁለት ዓይነት እንዳለ ብዙ ሰው አይለይም፣ ይሄ ነው ትልቁ ስህተት፣ ሁለቱም ፑቲ (እንደ ሊጥ የሚታሸው ወፍራሙ) እና ላይት ቦዲ (ቀጭኑ) አላቸው፣ ሁለቱም እጅ ላይ አንድ ይመስላሉ። አንደኛው ሲ ሲሊኮን ነው፣ ትልቅ ጣሳ ፑቲ ላይ ከትንሽ ቱቦ ጄል ጠብ አድርገን የምናሸው፣ ርካሹ። እሱ ሲረጋ አልኮል ይወልዳል፣ ያ አልኮል ከተረጋ በኋላ ቀስ እያለ ይተናል፣ ሲተን ልኩ ያንሳል። ልክ በእርጥቡ ጭቃ የተመረገ ግድግዳ ሲደርቅ እንደሚሰበሰበው። በ24 ሰዓት ውስጥ ከ0.2 እስከ 1 በመቶ ይደርሳል፣ ከዚህም ውስጥ ግማሽ ያህሉ በመጀመሪያው ሰዓት ነው የሚሆነው። ሁለተኛው ኤ ሲሊኮን ነው፣ ሁለት እኩል ጣሳ እኩል በእኩል የሚታሸው ወይ ጠመንጃ በሚመስል መጭመቂያ የሚወጣው። እሱ ሲረጋ የሚተን ነገር አይወልድም፣ ለውጡ 0.05 በመቶ ግድም ነው፣ ሳምንት ቢቀመጥ ምንም አይለው።

ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል ግን እናስላው። ከቀኝ አንደኛ መንጋጋ ጥርስ እስከ ግራው ድረስ 50 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። 0.5 በመቶ ቢቀንስ ሩብ ሚሊ ሜትር ሄደ ማለት ነው፣ ያ ብሪጅ ወይ የብረት ደንቸር አይቀመጥም። በ0.05 ግን 0.025 ሚሊ ሜትር ነው፣ ከፀጉር የሳሳ። ለአንድ ነጠላ ክራውን 10 ሚሊ ሜትር ስፋት ብንወስድ ሲ ሲሊኮኑ 0.05 ሚሊ ሜትር ነው የሚያሳጣን፣ እሱ ሊቻል ይችላል፣ ስለዚ ነጠላ ጥርስ ላይ ገጠመልኝ ብሎ ረጅም ብሪጅ ላይ በዛው መተማመን አያዋጣም። ሌላ ደግሞ ካርቶኑ ላይ አይኤስኦ 4823 የሚል የዓለም አቀፍ ደረጃ ማህተም አይታችሁ እንዳትዘናጉ፣ ያ ደረጃ ለላስቲክ ልኮች በ24 ሰዓት እስከ 1.5 በመቶ ለውጥ ይፈቅዳል፣ ማህተሙ ያለው ሁሉ እኩል አይደለም። ውስጥ ያለውን ወረቀት አውጥታችሁ ኤ ነው ሲ ነው የሚለውን አንብቡ።

ስለዚ በሲ ሲሊኮን ከወሰዳችሁ እንደ አልጂኔቱ ነው፣ በ30 ደቂቃ፣ ቢበዛ በ1 ሰዓት ውስጥ ራሳችሁ በዓይነት አራት (ከሶስቱ በሚጠነክረው) ስቶን አፍስሱት። ልኩን ራሱን መላክ የግድ ከሆነባችሁ፣ ለምሳሌ ላቡ እኔ ነኝ የማፈሰው ካለ፣ ኤ ሲሊኮን ግዙ። ውድ ነው አውቃለሁ፣ ግን ሰውየው ከወገልጤና ወይ ከላሊበላ ሁለት ጊዜ ተመላልሶ የሚያወጣውን ትራንስፖርትና የሚያጣውን የስራ ቀን አስቡት፣ ያ ወጪ በእኛ ደብተር ላይ ስላልተጻፈ ነው ርካሽ የሚመስለን።

ኤ ሲሊኮንም ጠባይ አለው። ላቴክስ ጓንት አድርጋችሁ ፑቲውን አትሹ፣ ጓንቱ ውስጥ ያለው ድኝ ማርጊያውን ይገድለዋል፣ ልኩ ላይ የሚጣበቅ ያልረጋ ቦታ ይተዋል። በቪኒል ጓንት እሹት ወይ በደንብ በታጠበ እጅ። በላቴክስ ጓንት የነካችሁት ጥርስም ያው ነው፣ አጥቡት። ሌላው፣ አንዳንዱ ኤ ሲሊኮን ከረጋ በኋላ ትንሽ የሃይድሮጂን ጋዝ ይለቃል፣ ወዲያው ስቶን ካፈሰሳችሁበት ሞዴሉ ላይ ጥቃቅን ቀዳዳ ይሞላዋል፣ ስለዚ ከ30 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት አቆዩት፣ የራሱ ወረቀት የሚለውን እዩ። እዚህ ጋ ነው ሰው የሚምታታው፣ አንዱን ቶሎ አፍስስ አንዱን ቆይ እየተባለ፣ ለዛ ነው ዓይነቱን ማወቅ ግዴታ ነው የምለው።

የሚቀንሰው ወዴት ነው የሚለውም ይጠቅማል። ማጣበቂያ በደንብ ከያዘው ሲሊኮኑ ወደ ትሬዩ ግድግዳ ነው የሚሰበሰበው፣ የጥርሱ ጉድጓድ ይሰፋል፣ ሞዴሉ ላይ ያለው ጥርስ ትንሽ ይወፍራል፣ ክራውኑ ትንሽ ላላ ብሎ ይገባል። ማጣበቂያ ከሌለ ግን ወደ መሀል ይሰበሰባል፣ ጉድጓዱ ይጠባል፣ ክራውኑ ጭራሽ አይገባም። ስለዚ አልገባም ያለ ክራውን ሲመጣላችሁ ላቡን ከመጥራታችሁ በፊት ማጣበቂያ ቀብቼ ነበር ወይ፣ ከቀባሁስ እስኪደርቅ ጠብቄው ነበር ወይ በሉ፣ እንደ ዓይነቱ ከ7 እስከ 15 ደቂቃ ይፈልጋል። ፑቲ ደግሞ በሚተጣጠፍ ፕላስቲክ ትሬይ አይሆንም፣ ስንጫነው ትሬዩ ወደ ውጪ ይከፈታል፣ ከአፍ ሲወጣ ተመልሶ ይዘጋል፣ ልኩም አብሮት ይጠባል። ለፑቲ ብረት ትሬይ። ለሰውየው አፍ ብቻ የሚሆን ትሬይ በአክሪሊክ (በሚረጋ ፕላስቲክ) የምትሰሩ ከሆነ ከአንድ ቀን በፊት ስሩት፣ አክሪሊክ ራሱ ከረጋ በኋላ ለሰዓታት መቀነሱን ይቀጥላል።

ፖሊኢተር የሚባለው ሌላው ላስቲክ መሰል የልክ ማቴሪያል፣ ኢምፕረገም በሚለው ስሙ የምታውቁት፣ ከ1965 ጀምሮ ያለ ጥሩ ነገር ነው፣ ደረቅ ቦታ ከተቀመጠ ቀናት ይቆያል። ጠላቱ ውሃ ነው፣ ይጠጣዋል። ፀረ ጀርም ውስጥ ከ10 ደቂቃ በላይ አታቆዩት፣ እና ከሁሉ በላይ ከእርጥብ አልጂኔት ጋር አንድ ላስቲክ ውስጥ አትክተቱት። የላይኛውን በፖሊኢተር የታችኛውን ተቃራኒ በአልጂኔት ወስደን ሁለቱን አንድ ላይ ጠቅልለን መላክ ልማድ ነው፣ አንዱ በሌላው ይበላሻል። ጠንካራም ስለሆነ የሚነቃነቅ ጥርስ ላለው ሰው ሲወጣ ተጠንቀቁ።

ዚንክ ኦክሳይድ ፓስታ ለሙሉ ደንቸር ለምትጠቀሙ እሱ አስተማማኝ ነው፣ ለውጡ ከ0.1 በመቶ በታች ነው፣ ከስሩ ያለው ትሬይ ካልተጣመመ እሱ አይጣመምም። ኮምፓውንድ የሚባለው የልክ ማቴሪያል ግን በሙቀት የሚለሰልስ ስለሆነ ውስጡ የታመቀ ጉልበት ይዞ ነው የሚቀዘቅዘው፣ ያ ጉልበት ቀስ በቀስ ይፈታል፣ በ1 ሰዓት ውስጥ አፍስሱት። የላይና የታች ጥርስ እንዴት እንደሚገጥም የሚወሰድበት የንክሻ ሰምም ያው ነው፣ ሰም ውስጥ የተወሰደ ንክሻ በአውቶብስ ከሄደ እኔ አላምነውም፣ ኤ ሲሊኮን የንክሻ መውሰጃ ካላችሁ እሱን ላኩ።

ስለ ሙቀት አንድ ነገር ልጨምር፣ ሲሊኮን በአንድ ዲግሪ ለውጥ ከሚሊዮን እጅ 200 እጅ ገደማ ይለጠጣል ወይ ይሰበሰባል። አፍ ውስጥ 35 ዲግሪ የነበረ ልክ የደሴ ክረምት ክፍል ውስጥ 15 ዲግሪ ላይ ሲቀመጥ 20 ዲግሪ ወረደ፣ ያ 0.4 በመቶ ነው፣ ኤ ሲሊኮኑ በራሱ ከሚለወጠው ስምንት እጥፍ ማለት ነው። ስለዚ ልኩን መስኮት ስር አታስቀምጡት፣ ከቀዝቃዛ ቦታ የመጣ ልክ ላይም ወዲያው አታፍስሱ፣ ክፍሉን ሞቅ አድርጋችሁ እሱም እስኪሞቅ ጠብቁት። በተቃራኒው ደግሞ ለሹፌር ስትሰጡ ኮፈን ላይ እንዳያስቀምጥ ንገሩት፣ ዕቃ ሲበዛ የሚያስቀምጡት እዛ ነው፣ ከታች ሞተር አለ። በትህትና ብትነግሩት ይገባዋል፣ የሰው ጥርስ ነው በሉት፣ ወንበሩ ስር ወይ ከላይ መደርደሪያው ላይ በደንብ ያደርግላችኋል።

ካርቶኑ ጠንካራ ይሁን፣ ውስጡ ልኩን የሚጫነው ነገር አይኑር። ላዩ ላይ ሶስት ነገር ጻፉ፦ ምን ዓይነት ማቴሪያል እንደሆነ፣ ከአፍ የወጣበት ቀንና ሰዓት፣ በምን እንደፀዳ። የላቡ ቴክኒሺያን ሲከፍተው ማፍሰስ ይቻላል ወይ አይቻልም የሚለውን የሚወስነው በዛች ጽሑፍ ነው፣ ሰዓት ያልተጻፈበትን አልጂኔት ማንም ቅን ባለሙያ ማፍሰስ የለበትም። እናንተም ጋ ከሌላ ወረዳ ልክ ቢመጣላችሁ ጠርዙን እዩት፣ ጠቆር ብሎ የጠነከረ ወይ ከትሬዩ የተለየ ካለ፣ ላስቲኩ ውስጥ ውሃ አቅሮ ከሆነ፣ መልሳችሁ ደውሉ፣ እንደገና ይወሰድ በሉ። ደስ የማይል ስልክ ነው ግን ከሁለት ሳምንት በኋላ ከሚደወለው ይሻላል።

ከአንድ ልክ ሁለተኛ ጊዜ ማፍሰስ ስለሚባለው የሚጠይቁኝ ብዙ ናቸው፣ አንዱ ሞዴል ሲሰበር ከዛው ልክ ሌላ ይወጣል ወይ ብለው። አልጂኔት አይሆንም፣ አንዴ ነው። ሲ ሲሊኮን መልክ ያለው ሞዴል ይሰጣችኋል ግን ትክክል አይደለም። ኤ ሲሊኮን ከቀናት በኋላም ይቻላል፣ ልኩ ካልተቀደደ። ፖሊኢተርም በደረቁ ከተቀመጠ ይቻላል፣ ሲወጣ ግን ጠንካራ ስለሆነ ስቶኑን እንዳይሰብረው ሞዴሉን ቀስ ብላችሁ አላቁት። ኤ ሲሊኮን ልኮችን እኔ ክራውኑ አፍ ውስጥ ገብቶ ሲሚንቶ እስኪደረግ ድረስ ስሙና ቀኑ ተጽፎበት መደርደሪያ ላይ ነው የማስቀምጣቸው፣ ከሲሚንቶ በኋላ ነው የሚጣሉት።